ፏፏቴ ለማየት በጧት ወጥቶ በቀን ለመመለስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በሰበታ ከተማ የምኖር መምህርት ነኝ። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼና ከልጆቻችን ጋር ወደ አንድ ፏፏቴ በእግር ተጉዘን ማታ ቤታችን ለመግባት አስበናል። አሥራ አራት ሰዎች ስንሆን አምስቱ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ገሚሶቻችን ደብረ ሊባኖስ፣ ገሚሶቻችን ደግሞ መናገሻ ሱባ እንሂድ እያልን አልተስማማንም። የትኛው ይሻለናል? ዕቅዱንስ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ የመረጡት ወር ጥሩ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ፏፏቴዎች አብዛኞቹ ከትንንሽ ጅረቶች የሚወርዱ በመሆናቸው ኃይላቸው የሚወሰነው ባለፈው ክረምት ዝናብ ነው። በነሐሴ ውኃው ሞልቶ ቢያጓራም መንገዱ ጭቃ፣ ገደሉም በጉም የተሸፈነ ስለሚሆን ድምፁን ሰምተው መልኩን ሳያዩ ሊመለሱ ይችላሉ፤ በጥርና በየካቲት ደግሞ መንገዱ ይደርቅና ውኃውም አብሮ ይሳሳል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይነጥፋል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ባሉት ሳምንታት ግን መሬቱ እየጠነከረ ሲሄድ ጅረቱ ገና አልጎደለም።

ወደ ቦታው ምርጫ ስንመጣ፣ ደብረ ሊባኖስ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሄደው በተለምዶ «የፖርቹጋል ድልድይ» ወደሚባለው የድንጋይ ድልድይ ሲሆን፣ ስሙ ፖርቹጋሎችን ቢያስታውስም አሁን የሚታየውን ድልድይ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ያሠሩት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ይነገራል። ጅረቱ በድልድዩ ሥር አልፎ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ የጭላዳ መንጋ ማየትም የተለመደ ነው። ሆኖም ፏፏቴው የሚታየው ከአናቱ በኩል፣ ያውም አጥር ከሌለው የገደል አፋፍ በመሆኑ አምስት ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው ጭንቀቱ ከደስታው ይበልጣል። ከዚህም ሌላ እናንተ ያላችሁት ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን ለመውጣት አዲስ አበባን አቋርጣችሁ ጧታችሁን በመኪና ውስጥ ትጨርሱታላችሁ። ከጫንጮ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የሚገኘው የደርባ ፏፏቴም ግሩም ቢሆን በዚሁ ምክንያት ለእናንተ አይቀርብም።

ስለዚህ እኔ መናገሻ ሱባን እመርጥላችኋለሁ። ጫካው በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ያረፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ጥበቃ ተደርጎለታል። ለልጆች ትልቁ ጥቅሙ መንገዱ ራሱ የሚታይ ነገር የሞላበት መሆኑ ነው። ከታች ግዙፍ ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ አስታ ይቀበላችኋል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ ዕድል ከቀናችሁም የምኒልክ ድኩላ በጥሻው መካከል ቆሞ ታያላችሁ። ፏፏቴው ግዙፍ አይደለም፤ ከጢስ ዓባይ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ካለ ከወዲሁ ንገሩት። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ግን ጥላ ባለው መንገድ ሄዶ በመጨረሻው ላይ የሚፈስ ውኃ ሲያገኝ የፏፏቴውን ቁመት አይለካም።

ዕቅዱን ከምን እንጀምር ላሉት፣ ከመመለሻው ሰዓት ጀምሩ እላለሁ። ብዙ ሰው ፏፏቴውን የጉዞው መጨረሻ አድርጎ ስለሚያስብ እዚያ ደርሶ ምሳውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እግሩ የደከመበትና ልጁ የሚያለቅስበት ግማሽ መንገድ ግን ገና ከፊቱ ነው። በጥቅምት ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ግድም ሲሆን፣ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ በጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጨልማል። እንግዲህ 10 ሰዓት ላይ ሁላችሁም መኪናው ዘንድ መገኘት አለባችሁ ብላችሁ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ፣ ቁልቁለቱ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወስድና ለሚያጋጥም እንቅፋት ግማሽ ሰዓት ብትተዉ፣ ከፏፏቴው የምትነሡት 7 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሰዓት ከዋዜማው ለሁሉም አሳውቁ፤ 7 ሰዓት ሲሆን ፏፏቴው ጋ ባትደርሱ እንኳ ካላችሁበት ትመለሳላችሁ። ከባዱ እዚህ ላይ ነው፤ «አሥር ደቂቃ ብቻ ቀረን» የሚል አንድ ሰው በየቡድኑ አይጠፋምና፣ የመመለሱን ውሳኔ የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ቀድማችሁ ምረጡ።

የእግር መንገዱን ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። አምስት ኪሎ ሜትር ርቀትና 300 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ጎልማሳ የተሠራ ስለሆነ፣ ልጆች ላሉበት ቡድን ግማሹን ያህል ጨምሩበት። ትክክለኛውን ርቀት ከጫካው መግቢያ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የመግቢያ ክፍያውንም እዚያው ትከፍላላችሁ። አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ ይዛችሁ እንድትገቡም አጥብቄ እመክራለሁ፤ የከብት መሄጃው ከሰው መንገድ ጋር በየቦታው ስለሚቆላለፍ እንግዳ ሰው በቀላሉ ይስታል።

ከሰበታ ሚኒባስ በኮንትራት ስትይዙ፣ ከሾፌሩ ጋር የምትነጋገሩት ስለ ዋጋው ብቻ አይሁን። ወደ ጫካው የሚያስገባው መንገድ ከዝናብ በኋላ ለዝቅተኛ መኪና አስቸጋሪ ነውና በቅርቡ ሄዶበት እንደሆነ ጠይቁት፤ እስክትመለሱ እንደሚጠብቃችሁም አረጋግጡ፤ አድርሶ ከሄደ ሌላ መኪና ማግኘት ዘበት ነው። የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ አይበቃም። ከጉዞው ዋዜማ በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችንና የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ቅዳሜውን ቀይሩት።

ስለ ስንቅ ረጅም ነገር መጻፍ አያስፈልግም። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ለሚወድ በሶ ይበቃል፤ ድስት ሙሉ ወጥ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ባልደረባ ሁልጊዜ ይኖራል፣ እሱን መኪናው ጋ አስቀምጦ ለመመለሻ ቢያቆየው ለሁላችንም ይበጃል። ለአንድ ጎልማሳ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ከቤት ይያዝ፤ ከጅረቱ አትጠጡ፣ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ በኩል ከብት ይጠጣበታልና ጃርዲያና አሜባ አያጣውም። ጋቢ ለጧት ብርድ ቢመችም ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ስለዚህ ለየሰዉ ስስ የዝናብ ልብስና አንድ ትርፍ ካልሲ በፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ። ጫማው አዲስ አይሁን፤ ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማም ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል። የእጅ ባትሪ ያዙ፤ የተሞላ ስልክ ብትይዙም ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ሰበታ ለሚቀር ሰው ንገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ የምጽፍ ወጣት ነኝ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር አንድ ፏፏቴ ሄደን ሥሩ ባለው ኩሬ ውስጥ እንዋኝ ስል አስጎብኚው ከለከለን። ዋና እችላለሁ፤ ክልከላው ተገቢ ነበር?

መልስ፦ አዎን፣ ተገቢ ነበር። ከፏፏቴ ሥር የሚታየው ነጭ አረፋ አየር የተቀላቀለበት ውኃ ስለሆነ ሰውነትን እንደ ረጋ ውኃ ወደ ላይ አያነሣም፤ የሚወርደው ውኃ ወደ ታች ከተጫነ በኋላ እየተጠመዘዘ ወደ ፏፏቴው መልሶ ስለሚስብ፣ በመዋኛ ገንዳ ዋና የለመደ ሰው እጁን ቢያንቀሳቅስም ካለበት አይወጣም። በደጋ ያለ የጅረት ውኃ ደግሞ በድንገት ሲገቡበት ትንፋሽ ይቆርጣል። በዚህ ላይ የኩሬው ወለል አይታይም፤ ክረምት ያወረደው ግንድና ድንጋይ በየዓመቱ ቦታውን ስለሚቀይር ባለፈው ዓመት ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ዐለት ሊሆን ይችላል።

ከዋናው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ደራሽ ውኃ ነው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ከላይ በተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ በክረምት መውጫ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጠርቶ የነበረው ጅረት ድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ ሲመጣ ወይም ድምፁ ሲጎረንን ዕቃ ለመሰብሰብ ሳትዘገዩ ወደ ጎን፣ ከፍ ወዳለው ቦታ ውጡ። በጅረቱ አቅጣጫ ወደ ታች መሮጥ አያዋጣም፤ ውኃው ይቀድማችኋል። ጅረቱን ተሻግራችሁ ከሄዳችሁና ስትመለሱ ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነ አትሻገሩ፤ የትንንሽ ጅረቶች ደራሽ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ስለሚጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ልጆቼን ወደ ፏፏቴ ስወስድ አብሬ ካልሄድኩ ብለዋል። እምቢ ማለት ከብዶኛል። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ዕድሜያቸው ብቻውን አይከለክላቸውም፤ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ ከሆነ ከብዙ ቢሮ ተቀማጭ ይሻላሉ። አስቀድመው ግን ግፊታቸውን ይለኩና ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በጉዞው ቀንም መድኃኒታቸውን በተለመደው ሰዓት ይውሰዱ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ሽንት ስለሚያበዛ «መንገድ ላይ ያስቸግረኛል» ብለው እንዳይተዉት ወይም ውኃ መጠጣት እንዳይቀንሱ ይከታተሏቸው። ሱሉልታ ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩን ለምደውታል፤ የሚፈትናቸው ዳገቱ ነው። እየሄዱ ሳይቆራረጥባቸው መነጋገር ከቻሉ እርምጃው ልካቸው ነው፤ ካልቻሉ ይረፉ። ደረታቸውን ከተጫናቸው፣ ካዞራቸው ወይም ዐርፈውም ትንፋሻቸው ካልተመለሰ ግን ጉዞው ለሁላችሁም እዚያው ያበቃል፤ ዕርዳታ ወደሚገኝበት በዝግታ ይዘዋቸው ይመለሱ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ስለሚከብድ ከዘራቸውን አይርሱ፤ ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ፣ ከኋላቸው እርስዎ ይሁኑ፤ ልጆቹም አያታቸውን ቀድመው እንዳይሮጡ ከወዲሁ ይንገሯቸው።