የቦንድ እጅ ላይ ያለው ሽጉጥ የትኛው ነው? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ጄምስ ቦንድ ፊልሞች ናቸው። ደስ ብሎኛል። ፊልም እያቆምኩ «ይሄ የትኛው ሽጉጥ ነው?» ማለት ከድሮም የምወደው ነገር ነው። በተለይ ተዋናዩ የሚናገረውና እጁ ላይ የሚታየው ሲለያዩ! ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1962ቱ «ዶክተር ኖ» ቦንድ ቤሬታውን ተቀብለውት ዋልተር ፒፒኬ ይሰጡታል። አቁሜ ሳየው ግን ረዘም ያለ ሽጉጥ ነው። ዓይኔ ነው?

መልስ፦ ዓይንዎ ልክ ነው። ስሙ የተጠራው ፒፒኬ ነው፤ የተሰጠው ግን ታላቅ ወንድሙ ዋልተር ፒፒ ነው። ፒፒ የወጣው በ1929 ነው። ፒፒኬ ከእሱ ተቀንሶ የተሠራ፣ ኮት ሥር እንዲደበቅ የታሰበ ነው። ስለዚህ አፈሙዙንና እጀታውን ይመልከቱ። ሁለቱም አጠር ካሉ ፒፒኬ ነው። ቦንድን የተጫወተው ሾን ኮነሪ የያዘው ያ ፒፒ በ2020 ጨረታ ወጥቶ በ256,000 ዶላር ተሸጧል።

ከጀርባው ያለውን ታሪክ ሳልነግርዎት አላልፍም። ጄፍሪ ቡዝሮይድ የሚባል የግላስጎው መሣሪያ አዋቂ በ1956 ለቦንድ መጻሕፍት ደራሲ ለኢያን ፍሌሚንግ ደብዳቤ ጻፈለት። የቦንድ ቤሬታ የሴት ሽጉጥ ነው፣ ይቀየር አለው። ፍሌሚንግ አልተቀየመም። ሽጉጡን ቀየረ፣ ለቦንድ መሣሪያ የሚያስረክበውን ሰው ደግሞ ሻለቃ ቡዝሮይድ ብሎ ሰየመው። አንድ አንባቢ የጻፈው ደብዳቤ የቦንድን እጅ ለወጠ።

ጥያቄ፦ እዚያው «ዶክተር ኖ» ላይ ቦንድ ሊገድለው የመጣውን ፕሮፌሰር ዴንትን «ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው፣ ስድስቱን ጨርሰሃል» ይለዋል። እውነት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቦንድ ሒሳብ የሚሠራው ለስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። ዴንት የያዘው ግን ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት የ1911 ዓይነት ኮልት ነው። ሪቮልቨር መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ የጥይት ቤት አለው፤ ኮልቱ ጥይቱን የሚይዘው እጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና ነው። ካዝናው ሰባት ይጎርሳል። ሞልቶት ከነበረ እኮ ቦንድን የምትጠብቀው አንዲት ጥይት ቀርታለች! ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ይህችው ጥይት ትታየኛለች።

የቦንድንም እጅ ልብ ይበሉ። ፒፒኬ እንዲይዝ ታዞ ሳለ ዴንትን የሚመታው በቤልጂጉ ኤፍኤን 1910 ነው። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደለበት ሽጉጥም የዚሁ ዓይነት ነበር።

ጥያቄ፦ ኮነሪ ደረቱ ላይ ያስደገፈው፣ የቦንድ ፊልም ፖስተር ላይ ያለው ባለ ረጅም አፈሙዝ ሽጉጥስ?

መልስ፦ የአየር ሽጉጥ ነው። ዋልተር ኤልፒ 53 ይባላል። ባሩድ የለውም፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ፍሬ በአየር ግፊት ይተኩሳል፣ የዒላማ መለማመጃ ነው። ፎቶ በሚነሳበት ቀን ፒፒኬው ተረስቶ ቀረ። ፎቶ አንሺው ዴቪድ ኸርን የራሱን የአየር ሽጉጥ አቀበለው፣ በቃ ያ ሆነ። በ2010 ለንደን ላይ 277,250 ፓውንድ አውጥቷል።

ጥያቄ፦ የቦንድ ሽጉጥ ማካሮቭ ይመስለኛል። አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፣ ግን መመሳሰላቸው በአጋጣሚ አይደለም። የሶቪየቱ ኒኮላይ ማካሮቭ ከዋልተር ፒፒ ብዙ ወስዷል። ሠራዊቱ በ1951 ተቀበለው። መለያው ቀላል ነው። ካዝና መልቀቂያው እጀታው ግርጌ ላይ ከሆነ ማካሮቭ ነው፤ በግራ በኩል ከምላጩ ወደ ኋላ ያለች ቁልፍ ከሆነች ፒፒኬ ነው። ሴፍቲያቸውም ተቃራኒ ነው። ማካሮቭ ሽቅብ ሲገፋ ይቆለፋል፣ ዋልተር ቁልቁል ሲወርድ። ማካሮቭን ከአገር ቤት የሚያውቅ ሰው በዚህ ብቻ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ድምፅ ማፈኛ እንደ ፊልሙ «ፕፍ» ብቻ ያሰማል?

መልስ፦ አያሰማም። ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የሽጉጡ ብረት ሲመላለስ ራሱ ይንቋቋል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር አጭር የስለላ ፊልም እየሠራን ነው። የአጎቴን ሽጉጥ ጥይቱን አውጥተን ብንጠቀምስ?

መልስ፦ እባካችሁ፣ አይሆንም። አረር የሌለው ማስመሰያ ጥይት እንኳ ይገድላል። አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ኤሪክ ሄክሰም በ1984 ማስመሰያ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ግንባሩ ጎን አድርጎ ተኮሰ፣ ሞተ። በ2021 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለቀረጻ ከተያዘ ሪቮልቨር እውነተኛ ጥይት ወጥቶ የካሜራ ባለሙያዋን ሃሊና ሃቺንስን ገደለ። እዚያም ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህ ምንም የማይተኩስ የፕላስቲክ ሽጉጥ ጥቁር ቀቡ። ብልጭታውንና ድምፁን በኤዲቲንግ ጨምሩ። ደጅ የምትቀርጹ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሠፈሩ ፖሊስና ለጎረቤት ንገሩ፤ ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው ፕላስቲክ መሆኑን አያውቅም። ሲያልቅ ላኩልኝ፣ የትኛውን ሽጉጥ እንዳስመሰላችሁ ልገምት።