የተቆረጠችውን ዳውንሎድ ሲቪሽ ላይ ጻፊያት

ጥያቄው የመጣው ከአምስት ኪሎ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቶር ማለት የኢንተርኔት ግንኙነትን በተለያዩ ኮምፒውተሮች እያሳለፈ ማንነትን የሚደብቅ ኔትወርክ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሪሌይ፣ በእነሱ በኩል የሚሠራው መንገድ ሰርኪዩት ይባላል። ደብዳቤውን አሳጥሬዋለሁ፦ «ጋሼ፣ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የቶርን ሰርኪዩቶች የሚቆጣጠር የፓይተን ፕሮግራም ነው። ፈጣኖቹን ሪሌዮች መርጦ ሰርኪዩት ይሠራል፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላው ይዘጋውና ሌላ ይከፍታል። ችግሩ ትልቅ ፋይል ሳወርድ መሀል ላይ ይቆረጥብኛል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አጎቴ ደግሞ የሀከር ሥራ ነው፣ ሲቪሽ ላይ ካስገባሽው ማንም አይቀጥርሽም ይሉኛል። ላውጣው?»

አታውጪው። ግን አሁን ባለበት መልክም አትጻፊው።

አጎትሽ ላይ አልፈርድም። እኔም ወጣት ሳለሁ ሲቪዬ ላይ «ቶር» የምትል ቃል ብቻዋን ጣል አድርጌ አንድ መሥሪያ ቤት ኢንተርቪው ገባሁ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። መሀል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ዕፅ የሚሸጥበት ነገር አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እኔም ስለ ምስጠራ መዘብዘብ ጀመርኩ። የቀረበልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ወጣሁ።

ያኔ የታክሲ ምሳሌ ቢመጣልኝ ኖሮ! ከሜክሲኮ ተሳፍረሽ ፒያሳ ወረድሽ እንበል። ከፒያሳ ሌላ ታክሲ ይዘሽ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ሦስተኛ ይዘሽ ቀበና ሄድሽ። የመጀመሪያው ወያላ ከየት እንደተነሳሽ ያውቃል፣ መጨረሻሽን ግን አያውቅም። የሦስተኛው ቀበና ላይ «ወራጅ አለ» ስትዪ ይሰማሻል፤ ከሜክሲኮ መምጣትሽን በምን ያውቃል? የመሀሉ ሁለቱንም አያውቅም። ታክሲዎቹ ሪሌዮቹ ናቸው፣ ሰርኪዩት ማለት ደግሞ ሦስቱ አንድ ላይ፣ በቃ። ዕፅ ምናምን የሚለው ወሬ ሳይነሳ ይህን በአንድ ደቂቃ መጨረስ አለብሽ።

አሁን ወደ ተቆረጠችው ፋይልሽ እንምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለችኝ እሷ ናት። አሥር ደቂቃን ከየት እንዳመጣሻት ይገባኛል፣ ካልነካካሽው ቶር ራሱ 600 ሰከንድ ላይ ነው የተቀመጠው። ግን 600 ሰከንድ ማለት «ዝጋው» ማለት አይደለም። ሰርኪዩቱ አገልግሎት ላይ ከዋለ አሥር ደቂቃ ሲያልፈው አዲስ ግንኙነት አይጫንበትም፣ ቀድሞ የተሳፈረው ግን እስኪጨርስ ድረስ በዚያው ይሄዳል፤ የሁለት ሰዓት ዳውንሎድም ቢሆን። ያንቺ ፕሮግራም ሰዓቱ ሲሞላ መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪውን አስፋልት ላይ ያወርደዋል። ፕሮግራምሽ ቶርን የሚያዝበት በር፣ የመቆጣጠሪያ ፖርቱ፣ ሰርኪዩት የሚዘጋበት ትእዛዝ «ሥራ ላይ ካልሆነ ብቻ ዝጋው» የሚል አማራጭ አለው፣ እሱን ተጠቀሚ። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ስቴም በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ በኩል ስትሪሞቹ (በሰርኪዩቱ ላይ የተሳፈሩት ግንኙነቶች) ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚመጣውን መልእክት እያዳመጥሽ፣ የትኛው ስትሪም በየትኛው ሰርኪዩት ላይ እንዳለ መመዝገብ ነው። ቶርን «አዲስ መንገድ ያዝ» የሚለውን፣ ኒውኒም የሚባለውን ምልክት ብትልኪም ነገሩ ያው ነው። አዲሶቹ ግንኙነቶች በአዲስ ሰርኪዩት ይሄዳሉ፣ አሮጌዎቹ አይቋረጡም፣ የመጀመሪያዋ ሪሌይሽም፣ ጋርድ የምንላት፣ አትቀየርም። ብዙ ሰው ኒውኒም ሁሉንም ነገር ከዜሮ የሚያስጀምር ይመስለዋል።

ይህች ስህተት ታዲያ ከሥራ ጋር ምን አገናኛት? ባንክ ውስጥ ሲስተም የሚያስተዳድር ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዚችው ጉዳይ ነው። ደሞዝ የሚገባበት ቀን ነው፣ አንዱን ሰርቨር ለጥገና ማውጣት አለብሽ። አዲስ ጥያቄ ወደ እሱ እንዳይሄድ ትዘጊያለሽ፣ መሀል ላይ ያለውን ዝውውር ግን ታስጨርሺያለሽ። የዳታቤዝ ኮኔክሽን ፑልም (ተከፍተው የሚጠብቁ ግንኙነቶች ስብስብ)፣ የሎድ ባላንሰርም (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው) ነገር ይኸው ነው፤ ዕድሜው አጭር የሆነን፣ በማንኛውም ሰዓት ሊበጠስ የሚችልን ግንኙነት ማስተዳደር። አንቺ ይህን ችግር በገዛ ላፕቶፕሽ ላይ አይተሽዋል። አብረውሽ የሚመረቁት አብዛኞቹ አላዩትም።

አንድ የማትወጂው ነገር ደግሞ ልንገርሽ። «ፈጣኖቹን መርጦ» ያልሽው ነገር ጉዳዩን የሚያውቅ ጠያቂ ፊት ያጋልጥሻል። ቶር ፍጥነትን እንዲሁ አይተወውም። ሪሌዮችን የሚመርጠው በዕጣ ነው፣ ዕጣው ግን ብዙ ትራፊክ መሸከም ወደሚችሉት ትልልቆቹ ያደላል። በዚያ ላይ አንድ ቤተሰብ ነን (ባለቤታችን አንድ ነው) ብለው ያስመዘገቡ ሁለት ሪሌዮችን፣ ወይም የአይፒ አድራሻቸው የመጀመሪያ 16 ቢት (የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች) አንድ የሆነውን፣ በአንድ ሰርኪዩት አያገናኝም። መንገዱን በእጅሽ ስትመርጪ ይህ ጥንቃቄ ሁሉ አንቺ ላይ ይወድቃል። ኮድሽ ያን ያደርጋል? ካላደረገ ሦስቱም ታክሲዎች የአንድ ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወያላዎቹ ማታ ተገናኝተው «ያቺን ልጅ አየሃት?» ሲባባሉ አለቀልሽ። ስለዚህ ያንን ክፍል አውጪው፣ ለምን እንዳወጣሽውም ሪፖርትሽ ላይ ጻፊ። አማካሪሽ ፕሮጀክቱ አነሰ ቢልሽ ተከራከሪ፤ እኔ ብሆን የምቀጥረው ያወጣችውን ልጅ ነው።

ሲቪሽ ላይ እንግዲህ እንዲህ በይ፦ «በቶር መቆጣጠሪያ ፖርት በኩል የሰርኪዩቶችን ዕድሜ የሚያስተዳድር የፓይተን መሣሪያ ሠርቻለሁ፤ በሥራ ላይ ያለ ግንኙነት ሳይቋረጥ ሰርኪዩት ይቀይራል። በፍጥነት ብቻ ሪሌይ መምረጥ ማንነትን የመደበቅ ዓላማውን ስለሚጎዳ ያንን ክፍል አውጥቻለሁ።» ሁለት መስመር። ከሥሯ ኔትወርክ፣ ዴቭኦፕስ ወይም የመረጃ ደህንነት የሚል ማስታወቂያ ባየሽ ቁጥር ላኪያት።

ስለ አጎትሽ ፍርሃት አንድ ነገር ልጨምር፣ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ቶር ኢትዮጵያ ውስጥ መታገዱን የቶር ፕሮጀክት ራሱ ጽፎ ነበር፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። ስለዚህ አዋጁን አንብቢው፣ የሌላ ሰው ትራፊክ በምንም መልኩ አትሰብስቢ፣ በግቢው ኔትወርክ ላይ ሳታስፈቅጂ ሪሌይ አታቁሚ። ለሙከራ ቸትኒ የሚባል መሣሪያ አለ፣ ሙሉ የቶር ኔትወርክ ላፕቶፕሽ ውስጥ ያቆምልሻል። ኢንተርቪው ላይ «ሙከራው በሙሉ በራሴ ማሽን ላይ ነው» ማለት ስትችዪ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይቀየራል።

ቶር ፕሮጀክት ውስጥ ስለ መቀጠርስ? በ2006 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ትንሽ ነው፣ ክፍት ቦታ በየቀኑ አያወጣም። ኮዱ ግን ክፍት ነው። ቶርን እንደ አዲስ በረስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየጻፉት ያለው አርቲ የሚባለው አለ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. 1.0 ላይ ደርሷል። ጊዜ ካለሽ እዚያ ትንሽ ስህተት ፈልገሽ አስተካክዪ። ለአዲስ አበባ ሥራ ብለሽ ግን ረስት አትማሪ፤ መጀመሪያ ሊነክስና ኔትወርኩን አጥብቂ።

ፋይሏ ሳትቆረጥ እስከ መጨረሻው ስትወርድ ጻፊልኝ። የታክሲዋን ምሳሌ ደግሞ መጀመሪያ አጎትሽ ላይ ሞክሪያት። «እና ሒሳቡን ለየትኛው ወያላ ነው የምትከፍዪው?» ካሉሽ ገብቷቸዋል ማለት ነው።