መልስ፦ ልምድ ላለው ቢዝነስ አናሊስት የሚሆን ሥልጠና

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በቢዝነስ አናሊስትነት (የድርጅቱን ችግር አጥንቶ መፍትሔ በመጠቆም) ለዓመታት ሠርቼ አሁን የትኛው ሥልጠና ይጠቅመኛል ላልከው፣ እኔ ሲቢኤፒን (CBAP፣ ልምድ ላላቸው ቢዝነስ አናሊስቶች በፈተና የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የሙያ ምስክር ወረቀት) እመርጥልሃለሁ። የጀማሪ ኮርስ ላይ ብር አታውጣ። ሲቢኤፒ ባለፉት 10 ዓመታት የተሠራ 7,500 ሰዓት የአናሊስት ሥራ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ባለፉት 4 ዓመታት የወሰድከው የ35 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። የሥራ ሰዓቱ ካልሞላልህ ከሱ ዝቅ ያለው ምስክር ወረቀት ሲሲቢኤ (CCBA) አለ፤ ለሱ 3,750 የሥራ ሰዓት ይበቃል።

የሲቢኤፒ ፈተና 120 ጥያቄ ነው፣ 3 ሰዓት ተኩል። ከሥራ ገጠመኝ ተነስቶ ስለሚጠይቅ ሽምደዳ አያዋጣም። በኬዝ (በተጨባጭ የሥራ ገጠመኝ) የሚያሠራ አሠልጣኝ ፈልግ። ከፋብሪካችሁም እውነተኛ ችግር ይዘህ ግባ፤ ለምሳሌ የመጋዘኑና የምርት ክፍሉ መዝገብ ለምን አይገጥምም? ፈተናው በኦንላይን ይሰጣል፤ መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበት ቦታ፣ ደሴም ቢሆን፣ ቀድመህ ያዝ።