ፊልሙ ቲቪ ላይ ይታያል፣ ድምፁ የለም

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ኡቡንቱ (አንድ የሊኑክስ ሲስተም ዓይነት) የተጫነበትን ኮምፒውተር ከሳሎን ቲቪና ከአንድ ሞኒተር ጋር አገናኘሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምስል ያሳያሉ፤ ቲቪው ደግሞ ድምፅ የለውም። እባካችሁ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይስን ከፍተው «ሚረር» (ሁለቱም ላይ አንድ ምስል) የሚለውን ወደ «ጆይን» (ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን) ይቀይሩ። የስክሪኖቹን ሳጥኖች በማውስ ጎትተው ሳሎን ውስጥ እንዳሉበት ቦታ ያስቀምጧቸው፤ አለዚያ ቀስቱ በማይጠብቁት ጠርዝ ይሻገራል።

ድምፁ አልተበላሸም፤ ወደ ሌላ መውጫ እየሄደ ነው። ሊኑክስ ኤችዲኤምአይን (ምስልና ድምፅን አንድ ላይ ወደ ቲቪ የሚወስደውን ገመድ) ከኮምፒውተሩ ስፒከር ለይቶ ስለሚያየው፣ ሳውንድ ውስጥ አውትፑት ላይ ኤችዲኤምአይ የሚለውን ይምረጡ። ቲቪው ጠፍቶ ሲበራ ምርጫው ሊቀየር ይችላልና መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ። ገመዱ ቪጂኤ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ ቪጂኤ ምስል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም።

ቲቪው 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ስክሪን) ከሆነ ዲስፕሌይስ ውስጥ ስኬሉን (የፊደሉን መጠን) 200% ያድርጉት፤ ፊደሉ ከሶፋው ላይ ይነበባል።