ሐምሌን ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር

ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ ሥራ አልጽፍላችሁም። ስለ ደመወዝም አይደለም። ባለፈው ክረምት ሰባት ሆነን ሐምሌን ሙሉ ሐዲስ ዓለማየሁን ስናነብ ከረምን። አንድ ደራሲ፣ አንድ ወር። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስታ ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እናንተ ጡረታ እስክትወጡ አትጠብቁ ልላችሁ ነው።

እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከካምፕ ካምፕ ስዞር ኖሬ አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ። የሐዲስን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ተሰብስበን እንሰማ ነበር። እናቶች ስለ ሰብለ ወንጌል የሚያወሩት ልክ እንደ ጎረቤት ልጅ ነው። በኋላ ተማሪ ሆኜ መጽሐፉን አነበብኩት። ሥራ ከያዝኩ በኋላም አንዴ ካምፕ ውስጥ በፋኖስ ደገምኩት። እና አውቀዋለሁ ብዬ ኖርኩ።

አለማወቄን ያወቅሁት አንድ ለቅሶ ቤት ነው። የጓደኛዬ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሰው እብድ የሚለውን ጉዱ ካሳን አንስታ «ጉዱ ካሳ እንዳለው» ብላ አንድ ጥሩ አባባል ጠቀሰች። አጠገቧ የተቀመጡት ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት «የት ቦታ ነው ያለው?» አሏት። ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ስልኩ ላይ አባባሉ ከነፎቶው አለ፣ ገጹ ግን የለም። እኔን ጠየቁኝ። እኔም አለ ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም ነበር። ቤቴ ሄጄ መጽሐፉን ሁለት ሌሊት አገላበጥኩ፣ አላገኘሁትም። ጉዱ ካሳ ያላለውን ሁሉ እያስባልነው እንደምንኖር ያኔ ገባኝ። መምህርቷ ጋ ደወልኩ። «እንግዲያው አብረን እናንብበዋ» አሉኝ።

እንዲህ ተጀመረ። መምህርቷ፣ ልጅቷና አንድ የክፍል ጓደኛዋ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እና እኔ። ሐምሌ ከጳጉሜ በቀር እንደ ሌሎቹ ወሮቻችን 30 ቀን ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በቀን 23 ገጽ ግድም ብናነብ በ24 ቀን ይጠናቀቃል ብለን አሰላን፤ የተረፈውን ስድስት ቀን «ትዝታ» ለሚለው መጽሐፉ ተውን። በየቤታችን እናነባለን፣ ቅዳሜ ማታ ነርሷ ቤት እንገናኛለን። ቡና ይፈላል። ከሳምንቱ ንባብ አንድ ምዕራፍ እየተቀባበልን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፣ ከዚያ ወሬ ነው።

ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበቡን አትናቁት። መምህርቷ አሮጌ ቅጂ ነበራቸው፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ። አንደኛው ቅዳሜ ላይ ልጅቷ ስታነብ ቆየችና «ጋሼ፣ ይሄ ነጥብ ምንድን ነው? ቆሻሻ ነው?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ከአንዳንዱ ፊደል አናት ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ሰውዬ ልብ ብዬ አላውቅም! መምህርቷ አስረዱን። ሐዲስ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ከላላው ለመለየት ብሎ ያስቀመጣት ናት። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖሩን ይናገራል። ፊደላችን ይህን አይለይም። ሐዲስ ግን የአጻጻፋችን ጉድለት ያሳስበው ስለነበር ከራሱ መጽሐፍ ጀመረ። ነጥቧ ሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ እምብዛም አልተለመደችም። ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነገረችኝ። ሰውዬው ሲጽፍ ድምፁ ይሰማው ነበር፣ እኛም በትክክል እንድንሰማው ፈልጓል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚያነበው ሰው ሲሳሳት ሰባታችንም እኩል እናርማለን፣ ቤቱ ይደምቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጽሐፍን ብቻችሁን ስታነቡ የምታገኙት እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው። እኔ ለብቻዬ ባነበብኩ ቁጥር የማገኘው በዛብህንና ሰብለን ነበር፣ ፍቅራቸውን፣ አሟሟታቸውን። በቃ። ሹፌሩ ግን በዛብህ ቅኔ ለመማር ዲማ መውረዱ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን አስቀመጠና ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ባቱን አሳየን። የውሻ ንክሻ ጠባሳ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን የተነከሰው። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ቦታው ግን እስካሁን ፀጉር አያበቅልም። «እኔ በዛብህን ሳነብ የምሰማው ውሻ ነው» አለ። ሐዲስ ራሱ ጎጃም ውስጥ ተወልዶ፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት እዚያው ተምሮ ነው አዲስ አበባ የመጣው። ያን ሕይወት ከውጭ ሆኖ አልጻፈውም። ይህን በወሬ አውቀው ነበር፤ የገባኝ ግን የሹፌሩን ባት ሳይ ነው።

ልብስ ሰፊው ዝምተኛ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ድረስ አስር ዓረፍተ ነገር የተናገረ አይመስለኝም። አበጀ በለውና ገበሬዎቹ የሰብለን አባት፣ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን እንቢ ያሉበት ላይ ስንደርስ ግን ማንም ሳይነካው ያወራ ጀመር። አባቱ ጭሰኛ ነበሩ። ከምርቱ ምን ያህሉ ለባለመሬቱ ይሄድ እንደነበር፣ ለበዓል ምን ይዘው ደጅ እንደሚጠኑ፣ እናቱ ያን ቀን እንዴት እንደምትሆን ነገረን። ለሱ መጽሐፉ ከዚያ ነው የሚጀምረው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው፣ መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ አደባባይ እየወጣ በነበረበት ጊዜ። ይህን ቁጥር ባውቀውም ከልብስ ሰፊው አባት ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

እኔስ ምን አመጣሁ? ካብ አመጣሁ። ጉዱ ካሳ የማኅበራችንን ሥርዓት ሕይወት ከሌለው የድንጋይ ካብ ጋር የሚያመሳስልበት ቦታ አለ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ የተሠራ፣ የታችኛው ሲሸሽ የላይኛው የሚናድ። በሃያ ዓመቴ ፖለቲካ ነው ብዬ አስምሬበት ነበር። አሁን ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ከደስታ። ስንት ካብ ነው ክረምት ሲገባ የተናደብኝ! ካብ የሚፈርሰው ከላይ አይደለም። ከጀርባው ያለው አፈር ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይገፋል፣ ከዚያ ከታች አንዲት ድንጋይ በጣት ልክ ትንሸራተታለች። ከላይ ለሚያልፍ ሰው ምንም የሆነ አይመስለውም። እኛ የምናጎነብሰው ለዚያ ነው፣ ታችኛውን ረድፍ ለማየት። ለሰዎቹ ይህን ስነግራቸው ነርሷ «እና ጉዱ ካሳን እብድ ያሉት ጎንበስ ብሎ ስላየ ነዋ» አለች። እኔ በሦስት ንባብ ያልደረስኩበትን እሷ ቡና እየቀዳች ደረሰችበት።

ሌላም አለ። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ከጎጃም የወጣችበትን ጉዞ ሳነብ ዓባይ በረሃ ነው የታየኝ። ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን መውጣት ዛሬ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የመኪና ፍሬን ሲሸት አውቃለሁ። ከእልፍኝ ወጥታ የማታውቅ የባላባት ልጅ በእግሯ! ብቻዬን ሳነብ ያንን ክፍል ወደ መጨረሻው ለመድረስ ስቸኩል ነበር የማልፈው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልንበተን ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች ፈተና ነበረባቸውና ወደ ኋላ ቀሩ፣ አፍረው ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። እኔ ተቆጣሁ። መምህርቷ ግን «ያላነበበ ሰው መጥቶ ይስማ» ብለው ደወሉላቸው። መጥተው ሰሙ። በሚቀጥለው ሳምንት ደርሰውብን ነበር። እባካችሁ እናንተም ስትጀምሩ ወደ ኋላ የቀረን ሰው አታሳፍሩ። ለማወቅ ብሎ የመጣን ሰው እንደ ፈታኝ ካፋጠጣችሁት በሚቀጥለው ሳምንት አታዩትም። ብዙ ሰውም አትሰብስቡ፣ ከስምንት በላይ ሲሆን ዝምተኛው ሳይናገር ይመሻል። የኛ ዝምተኛ ባይናገር ኖሮ ምን እንደሚቀርብን ነግሬያችኋለሁ። እኩያዎቻችሁን ብቻም አትጥሩ። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ እናት፣ ከናንተ ሙያ ውጭ የሆነ ሰው ፈልጉ።

ጊዜ የለንም ትሉኛላችሁ። ሐዲስ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ዘምቶ፣ ከራስ እምሩ ጋር ተማርኮ፣ ኢጣሊያ ውስጥ ሰባት ዓመት ግድም ታስሮ የቆየ ሰው ነው። ከዚያም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገሩን አገልግሏል። በዚህ ሁሉ መሀል ነው የጻፈው። ከዚያም በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980 አሳተመ። በሐምሌ መጨረሻ «ትዝታ»ን ስናነብ፣ ያን የግዞቱን ዘመን፣ የልቦለዱ ሐዘን ከየት እንደመጣ ትንሽ የገባን መሰለን። መምህርቷ ይህ ግምት ነው፣ የደራሲን ሕይወት በልቦለዱ ላይ አትለጥፉ ብለው ተከራከሩን። እስካሁን አልተስማማንም። እኔ በሐሳቤ እንዳለሁ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፣ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ስለሆነ። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የማንኩሳዎቹ ወላጆቹ፣ ልጃቸው ከተረፈላቸው እግዚአብሔርን እንዲያገለግል፣ ዓለማዊ ኑሮና ትዳር እንዳይኖረው ተስለዋል። ይህ ስለት ዕድሜውን ሁሉ ይከተለዋል። እኔ ሁሌም ለወላጆቹ ነበር የማዝነው፤ ልጅ እንዳይሞትበት የፈራ ሰው ምን ያድርግ? ልጅቷ ግን ያን ማታ ስኒዋን ይዛ «ሲሳሉ እሱን ማን ጠየቀው?» አለች። ነርሷ እናት ናት፣ «ሕፃን ይጠየቃል እንዴ?» አለቻት። «ካደገስ በኋላ?» አለች ልጅቷ። ማንም አልመለሰላትም። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

እኔ የታየኝ ልጄ ነው። ማትሪክ ጥሩ ውጤት ያመጣ ጊዜ ታሪክ ማጥናት ይፈልግ ነበር። ፎርሙን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስሞላሁት። ምህንድስና። ለራሱ ብዬ ነው፣ እንዳይቸገር ፈርቼ። ጎበዝ መሐንዲስ ወጥቶታል፣ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። እኔም አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። በማግስቱ እሑድ ደወልኩለትና ጠየቅሁት። ዝም አለ። «አባዬ፣ ዛሬ ምን አስታወሰህ?» አለኝ። የማነበውን ነገርኩት። «እደውልልሃለሁ» ብሎ ዘጋው።

ለሦስት ሳምንት ስለዚያ ነገር ምንም አላለኝም። ነሐሴ ውስጥ ቤት መጥቶ ምሳ በላን፣ ሲወጣ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውጥቶ «ልውሰደው?» አለኝ። በሃያ ዓመቴ ያሰመርኩበት ቅጂ ነው። ወሰደው። ትናንት ማታ ደውሎ በዛብህን ተከትሎ ዲማ መድረሱን ነገረኝ።