ኤች ኦ ኤው ደብዳቤ ፈርሙ ሲል

«የሰፈራችን ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ለኮሎራዶ ምክር ቤት የሚላክ ደብዳቤ ፈርሙ አለን። ረቂቅ ሕጉን ተቃወሙ ነው የሚለው። ልፈርም? ወይስ ራሴ ሄጄ ልናገር? እንግሊዝኛዬ እንደሆነ ብዙም አይደለም» ላልሽው እህታችን።

እኔም እዚሁ አውሮራ ነኝ። የሰፈራችን ቦርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊትም ቀርቤ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ደብዳቤውን ማን እንዳዘጋጀው ጠይቂ። በቤት ባለቤቶች ስም የሚናገረው ሁሉ አንድ ወገን አይደለም። ሲ ኤ አይ (Community Associations Institute) የሚባል ከ1973 ጀምሮ ያለ፣ በኤች ኦ ኤ ጉዳይ የሚሠራ ትልቅ ማኅበር አለ፤ እዚህም ሕግ የሚከታተል ኮሚቴ አለው። አባላቱ የቦርድ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የማኔጅመንት ኩባንያዎችና የኤች ኦ ኤ ጠበቆችም አሉበት። ይህ በራሱ ነውር የለውም። መዋጮ ካልተሰበሰበ ጣሪያው በምን ይታደሳል? በረዶውስ በምን ይጠረጋል? ቦርድ ላይ ሳለሁ የማይከፍል ጎረቤት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይቻለሁ። ግን ቅጣት ከፋይዋ አንቺ ስትሆኚ ጥቅማችሁ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ረቂቁን ራሱን አንብቢ። ምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ አጭር ማጠቃለያም አለው።

መናገር ለውጥ ያመጣል ወይ ካልሽ፣ ዴንቨር ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር የሆነውን ሳትሰሚ አትቀሪም። ሰው በኤች ኦ ኤ ቅጣት ቤቱን ሊያጣ ነው ተብሎ ከተማው ተንጫጫ። በ2022 ኤች ቢ 22-1137 የሚባለው ሕግ ጸደቀ። ካቀረቡት አንዷ የእኛዋ የአውሮራ ተወካይ፣ ላይቤሪያ የተወለዱት ናኬታ ሪክስ ናቸው። የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ለአደጋ ካላጋለጠ በቀር፣ ለአንድ ጥፋት ቅጣቱ ከ500 ዶላር እንዳያልፍ ሆነ። በቅጣት ብቻ ቤት ማስሸጥም ቀረ። የኤች ኦ ኤው ማሳሰቢያም ከእንግሊዝኛው ጋር በመረጥሽው ቋንቋ እንዲላክልሽ ማስመዝገብ ትችያለሽ፤ አማርኛም ቢሆን። ይህን መብት የማያውቅ ሀበሻ ስንቱ ነው!

መናገሩ እንደሚወራው አያስፈራም። ኮሎራዶ ውስጥ እያንዳንዱ ረቂቅ ኮሚቴ ፊት መሰማት አለበት። ኦንላይን ትመዘገቢያለሽ፤ ከቤትሽ ሆነሽ በዙም መናገርም ይቻላል። የሚሰጥሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ጽፈሽ አንብቢ፣ ማንም አይስቅብሽም። መናገሩ ከከበደሽ በጽሑፍ ብቻ ላኪው። ኤች ኦ ኤ ሌባ ነው እያልሽ ጊዜሽን አትጨርሺ፤ እሱን ሁሉም ይላል። የደረሰሽን ደብዳቤ፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን ተናገሪ፤ ከዚያ ከረቂቁ የትኛው አንቀጽ እንዲቀር ወይም እንዲስተካከል እንደምትፈልጊ። የኮሚቴው አባላት እኔን የጠየቁኝ ስለ ሕጉ አልነበረም፤ «የሚናገሩት በቦርዱ ስም ነው ወይስ በራስዎ?» ነው ያሉኝ። መልሱን ይዘሽ ግቢ።

ለወረዳሽ ተወካይ ደግሞ ከኮሚቴው ቀን በፊት ኢሜይል ላኪ። የሰፈርሽን ስም ከላይ ጻፊው፤ ከመራጫቸው የመጣን ደብዳቤ ለይተው ያዩታል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ከጥር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ አትዘግዪ።

የረቂቁን ቁጥር እዚህ ጻፊልን። የቅጣት ደብዳቤም ካለሽ ስምሽንና አድራሻሽን ሸፍነሽ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።