በእጅ የተሠራች አሮጌ መኪና እንዴት ትጠገን?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ፣ በቤተሰባችን ግቢ ለረጅም ዘመን የቆመች፣ የቱሪንግ ምልክት ያለባት አልፋ ሮሜዮ 6ሲ 2500 አለችን። ባትላሜራው የተበላውን ቆርጦ በብረት ላሜራ ሊተካና በስቱኮ ሊሸፍን ይፈልጋል። እንፍቀድለት?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እባክዎ አይፍቀዱ። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ቻሲውንና ሞተሩን ሠርቶ አካሉን ለሌላ ባለሙያ መተው የተለመደ ነበር፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ሚላን ውስጥ የተመሠረተው የመኪና አካል ሠሪ ድርጅት ቱሪንግም ሱፐርሌጄራ በተባለው ስልቱ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አፅም አበጅቶ፣ በላዩ ላይ በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ያለብስ ነበር። ሁለቱ ማዕድናት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ እንደ ጎንደር ክረምቱ በሚጠነክርበት አገር ዋናው ጉዳት ከላሜራው ሥር ተደብቆ ሊገኝ ይችላል። ብረት ደግሞ በተለመደው ብየዳ ከአሉሚኒየም ጋር አይያያዝም፤ ስቱኮውም ዝገቱን ከመደበቅ በቀር አያቆመውም።

በቅድሚያ የቻሲውንና የሞተሩን ቁጥር መዝግቡ፤ የመኪናዋ ታሪክ የሚጣራው በእነርሱ ነውና። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ከመፈታቱ በፊት ፎቶ አንሡ። የበሰበሰ ቁራጭ እንኳ አይጣል፤ አዲሱ የሚቀረጸው በእርሱ ልክ ነው። አሉሚኒየሙን በአርጎን መበየድ የሚችል ሰው ፈልጉ፤ በቱቦውና በላሜራው መካከልም እንዳይነካኩ መለያ ይግባ። ስድስት ሲሊንደር ያለውን ሞተር ደግሞ በግፊ ለማስነሣት አትሞክሩ፤ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በየቀዳዳቸው ዘይት ጨምሩበት፣ ከቆየ በኋላም በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት።